ካያካችሁን አትብሱ!

ዛሬ ሙግት ይዤ ነው የመጣሁት። ረጅም ነው፤ የቸኮለ ይለፈው፣ ሻይ ይዞ የተቀመጠ ያንብበው። «ቲቸር ደግሞ ዓሣ ማጥመድ ጀመረ እንዴ?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። አልጀመርኩም። የማስተምረው ፊዚክስ ነው፣ ነገሩ ደግሞ ከባትሪው ገመድ እስከ ድምፅ ሞገዱ ድረስ ፊዚክስ ነው። ስለዚህ ያገባኛል።

ጉዳዩ ይሄ ነው። አሜሪካ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ በተለይ ሚኒሶታና ሲያትል አካባቢ ያላችሁት፣ በእረፍት ቀናችሁ ሐይቅ መውረድ ለምዳችኋል። ደስ ይላል። ሁለት ሥራ ለሚሠራ ሰው ከውሃ የተሻለ እረፍት የለም። የፕላስቲክ ካያክ ትገዛላችሁ፣ ቀጥሎ ፊሽ ፋይንደር ትገዛላችሁ፣ ከዚያ ግሩፓችን ላይ ፎቶ ለጥፋችሁ «ይቺን ከታች የምትገባውን ዕቃ የት ነው የምገጥማት?» ትላላችሁ። መልሱ ከሦስት ሰፈር ይመጣል።

የመጀመሪያው ሰፈር «ብሳው!» ይላል። መሰርሰሪያ አምጣ፣ የካያኩን ሆድ ብሳ፣ አስገባ፣ በሲሊኮን ድፈን፣ በቃ።

ሁለተኛው ሰፈር «ችግሩ ዕቃው ርካሽ መሆኑ ነው፤ ትልቅ ስክሪን ግዛ» ይላል።

ሦስተኛው ሰፈር ደግሞ ከሁሉም የዋሁ ነው። «እኛ እዚህ ለመዝናናት ከምንጠቀምበት፣ ገንዘብ አዋጥተን ለጣና ዓሣ አጥማጆች ገዝተን አንልክም ወይ?» ይላል።

ሦስቱም ተሳስተዋል። የመጀመሪያው ሰው ሊገድል የሚችል ስህተት ነው፣ ሁለተኛው ገንዘብ ይበላል፣ ሦስተኛው ደግሞ በጥሩ ልብ የሚሠራ ስህተት ስለሆነ ማንም ደፍሮ አይቃወመውም። እስኪ በየተራ እንያቸው።

መጀመሪያ ግን ነገርየው ምንድን ነው?

ፊሽ ፋይንደር ሁለት ዕቃ ነው። አንዱ ፊት ለፊት የምታዩት ስክሪን ነው። ሌላው በገመድ ተያይዞ ውሃ ውስጥ የሚገባው ትንሽዬ ዕቃ ነው፤ ትራንስዱሰር ይባላል። ይሄ ትንሽዬ ዕቃ አፍም ጆሮም ነው። በኤሌክትሪክ ሲመታ ይንቀጠቀጥና ድምፅ ወደ ታች ይልካል፣ ከዚያ ዝም ብሎ የገደል ማሚቶውን ይጠብቃል። ድምፁን እናንተ አትሰሙትም። የሰው ጆሮ ከ20 ሺህ ሄርዝ በላይ አይሰማም፤ ይሄ ዕቃ በብዛት የሚሠራው በ200 ሺህ ሄርዝ አካባቢ ነው።

ድምፅ በጨው አልባ ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1480 ሜትር ገደማ ይሄዳል። አየር ላይ 340 ነው፤ ማለትም ውሃ ውስጥ ከአራት እጥፍ በላይ ይፈጥናል። ዘጠኝ ሜትር ጥልቀት ያለው ሐይቅ ላይ ድምፁ ወርዶ እስኪመለስ 12 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ይፈጅበታል። ማሽኑ ያንን ጊዜ ይለካል፣ በፍጥነቱ ያባዛል፣ ለሁለት ያካፍላል፣ ጥልቀቱን ይነግራችኋል። አሥረኛ ክፍል የሠራነው ጥያቄ ነው። «ይሄ ምን ይጠቅመናል ቲቸር?» ያላችሁኝ ልጆች፣ ይኸው ጠቀማችሁ።

ዓሣውንስ እንዴት ያየዋል? አብዛኛው ዓሣ ሆዱ ውስጥ የአየር ከረጢት አለው። ሥጋው ከውሃ ብዙም ስለማይለይ ድምፁ ያልፈዋል፤ አየሩን ሲያገኝ ግን ይመለሳል። ስለዚህ ማሽኑ «ዓሣ» ብሎ የሚያሳያችሁ በአብዛኛው የዓሣውን አየር ነው። ይቺን ነጥብ ያዟት፤ ሙግቱ በሙሉ የሚዞረው አየር ላይ ነው። ድምፅ ከውሃ ተነስቶ አየር ጋ ሲደርስ 99.9 በመቶው እዚያው ተጋጭቶ ይመለሳል። አየር ለዚህ ማሽን ግድግዳ ነው።

አሁን ወደ «ብሳው» ሰፈር እንሂድ።

የፕላስቲክ ካያክ የሚሠራው ከፖሊኢትሊን ነው። ብዙዎቹ የማጥመጃ ካያኮች ላያቸው ላይ የሚቀመጡባቸው ናቸው፤ ሆዳቸው ክፍት፣ ዙሪያው የታሸገ፣ ውስጡ በአየር የተሞላ። የሚንሳፈፉት በዚያ አየር ነው። ያንን ሆድ ከውሃው መስመር በታች ስትበሱት የምትበሱት ፕላስቲክ ብቻ አይደለም፤ ተንሳፍፋችሁ የምትቆዩበትን ነገር ነው የምትበሱት።

«በሲሊኮን ደፍኜዋለሁ» ትላላችሁ። እሺ፣ የፖሊኢትሊንን ጠባይ ልንገራችሁ። ማጣበቂያ አይወድም። የፌስታል ፕላስቲክ ላይ ሙጫ ቀብታችሁ ታውቃላችሁ? ይደርቅና እንደ ቅርፊት ይነሳል። ካያካችሁ የዚያ ፌስታል ወፍራም ዘመድ ነው። በዚያ ላይ ካያክ ግድግዳ አይደለም፤ መኪና ላይ ሲታሰር ይጎብጣል፣ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ይለጠጣል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሲገባ ይሰበሰባል፣ ድንጋይ ላይ ሲጎተት ይፋቃል። ድፍኑ ከዚህ ሁሉ ጋር አብሮ መኖር አለበት። አንድ ቀን ይለቃል።

ሲለቅ ደግሞ አይጮህም። አበው «እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ውሃው የሚገባው እናንተ ከተቀመጣችሁበት በታች፣ የታሸገ ሆድ ውስጥ ስለሆነ አታዩትም። እግራችሁ አይርስም። ካያኩ ትንሽ ከበድ ይላል፤ «ደክሞኝ ነው» ትላላችሁ። ከዚያ ዞር ስትሉ ውስጥ ያለው ውሃ በሙሉ ወደ ዞራችሁበት ጎን ይሮጣል፣ ክብደቱን እዚያው ይጥላል፣ ካያኩ ይገለበጣል። ግማሽ የተሞላ ጀሪካን በጋሪ የጫነ ሰው ይሄን ያውቃል፤ ሙሉው ጀሪካን አይረብሽም፣ ግማሹ ነው ጋሪውን የሚያናጋው።

አሁን ቦታውን አስቡት። ሚኒሶታ፣ በረዶው ከቀለጠ ሦስት ሳምንት፣ አየሩ ሞቅ ብሏል፣ ውሃው ግን ገና በረዶ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ድንገት የወደቀ ሰው መጀመሪያ ትንፋሹ ነው የሚቆራረጠው፤ ሳይወድ በግዱ አየር ይስባል፣ አፉ ውሃ ውስጥ ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ጣቱ አይታዘዝለትም። ዋና መቻል ብቻውን አያድንም። ለአንድ የዓሣ ምስል ሲባል ይሄ ሁሉ! ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

ሳይቸግር የምለው በምክንያት ነው። መብሳት አያስፈልግምና። ሦስት ቀዳዳ የማይፈልጉ መንገዶች አሉ።

አንደኛው ከውስጥ መለጠፍ ነው። ቅድም አየር ግድግዳ ነው አላልኩም? ፖሊኢትሊን ግን ለድምፅ ከውሃ ብዙም አይለይም። ስለዚህ ትራንስዱሰሩን በካያኩ ሆድ ውስጥ፣ ወለሉ ላይ ብትለጥፉት ድምፁ ፕላስቲኩን አልፎ ወደ ውሃው ይወርዳል፣ ማሚቶውም አልፎ ይመለሳል። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፦ በትራንስዱሰሩና በፕላስቲኩ መካከል አንዲትም የአየር አረፋ እንዳትኖር። ቦታው ጠፍጣፋ ይሁን፣ ውስጡ ስፖንጅ ያልተለጠፈበት ይሁን፣ እናንተ ተቀምጣችሁ ሁልጊዜ ከውሃው የማይነሳው ክፍል ይሁን። በአልኮል ጥረጉት፣ ሲሊኮኑን በብዛት አድርጉ፣ ዕቃውን እያሽከረከራችሁ ተጫኑት፣ አንድ ሙሉ ቀን ሳትነኩት ተዉት። ሲሊኮኑ በደንብ ስለማይጣበቅ ሌላ ጊዜ ነቅሎ ማንሳት ይቻላል፤ ያ ቅድም ጉድ የሠራን ጠባይ እዚህ ጥቅም ሆነ። ጉድለትም አለው፣ አልደብቅም፦ የሙቀት መለኪያው የሚነግራችሁ የፕላስቲኩን ሙቀት ነው፤ በጣም ከፍተኛ ድግግሞሽ የሚጠቀሙት፣ ጎንና ጎንን እንደ ፎቶ የሚያሳዩት ዓይነቶች ደግሞ በፕላስቲክ ውስጥ ይዳከማሉ።

ሁለተኛው ፋብሪካው ራሱ የሠራው ቀዳዳ ነው። ላያቸው ላይ የሚቀመጡባቸው ካያኮች ከላይ የገባ ውሃ የሚፈስባቸው ቀዳዳዎች አሏቸው። ከላይ እስከ ታች ግድግዳቸው የተዘጋ ስለሆነ ወደ ሆዱ አይገቡም። ለነዚህ ቀዳዳዎች የሚሆን ትራንስዱሰርና ማያዣ ገበያ ላይ አለ፤ አንዳንዶቹ የማጥመጃ ካያኮች ደግሞ ከሥራቸው ለዚሁ ተብሎ የተተወ ጎድጓዳ ቦታ አላቸው። ጥንቃቄው፦ ዕቃው ከካያኩ ሆድ በታች ተንጠልጥሎ ከወጣ የመጀመሪያው ድንጋይ ይወስደዋል፤ በጣም ወደ ውስጥ ከገባ ደግሞ ድምፁ ከቀዳዳው ግድግዳ ጋር ይጋጫል።

ሦስተኛው በጎን የሚወርድ ክንድ ነው። ካያኩ ጠርዝ ላይ የሚታሰር፣ ስትፈልጉ ውሃ ውስጥ የምታወርዱት፣ ስትወጡ የምታነሱት ዘንግ። መልኩ አያምርም። ሣር ይይዛል። ግን ጀማሪ ከሆናችሁ የምመክረው ይሄንን ነው፤ የሙቀቱም ልክ ትክክል ነው፣ ምስሉም ንጹህ ነው፣ ካልወደዳችሁት ፈታችሁ ሌላ ትሞክራላችሁ። በእግር የሚገፋ ካያክ ከሆነ ብቻ ከመቅዘፊያው ኋላ አታድርጉት፤ አረፋ ውስጥ ታስቀምጡታላችሁ፣ አረፋ ደግሞ አየር ነው፣ አየር ደግሞ... ተግባብተናል።

«ቲቸር፣ ካያክ እኮ ለዘንግ መያዣም ይበሳል» ያለኝ ልጅ አለ። ልክ ነው፣ ይበሳል፤ ከላይ፣ ከውሃው መስመር በላይ። ለገመድ ማስገቢያም ከላይ አንድ ቀዳዳ ልታስፈልግ ትችላለች፤ ለዚያ የጎማ ማጥበቂያ ያለው ማሳለፊያ አለ። ጣሪያ ላይ ሚስማር የመታና የጀልባ ሆድ ላይ ሚስማር የመታ ሰው አንድ አይደሉም። አንደኛው ሲያፈስ ባልዲ ያስቀምጣል።

ወደ ሁለተኛው ሰፈር እንምጣ፤ የትልቅ ስክሪን ሰፈር።

ይሄኛው ላይ ትንሽ እናደዳለሁ፤ ምክንያቱም የፊሽ ፋይንደር ብቻ በሽታ አይደለም። እኔና ብዙዎቻችሁ የፕላዝማ ትውልድ ነን። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የገባ ሰው ያስታውሳል። ክፍሉ ውስጥ ትልቅ ስክሪን ተሰቀለ፣ በሳጥን ተቆለፈበት፣ ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል ተባለ። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ ይጠፋል። ሲመጣ ደግሞ ስክሪኑ ውስጥ ያለው መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ ማንም ሳይመልስለት «ቬሪ ጉድ!» ብሎ ይቀጥላል። ስድሳ ልጅ አፉን ከፍቶ ያየዋል። እሱ ግን ቬሪ ጉድ። ለምን? ስክሪን ነበረው፣ ጆሮ ግን አልነበረውም።

በመጥፎ የተገጠመ ፊሽ ፋይንደርም እንደዚያው ነው። ትራንስዱሰሩ አረፋ ላይ ቢቀመጥ፣ ቢያጋድል፣ ከውሃው ቢወጣ፣ ስክሪኑ «አላይም» ብሎ ሁልጊዜ አይነግራችሁም። የሆነ ቁጥር ይሰጣችኋል። የሆነ ጥላ ይሥላል። አንዳንዱማ አረፋውን የዓሣ ሥዕል አድርጎ ያሳያችኋል። ቬሪ ጉድ! ይሄንን በትልቅ ስክሪን ስታዩት የምታገኙት ትልቅ ውሸት ነው።

እስኪ ደግሞ ማሽኑ በትክክል ሲሠራም ምን ያህል እንደሚያይ እናስላ። ድምፁ የሚወርደው እንደ ባትሪ ብርሃን በሾጣጣ ቅርጽ ነው። በ200 ሺህ ሄርዝ የተለመደው የሾጣጣው ስፋት 20 ዲግሪ ነው። ግማሹ 10 ዲግሪ፣ ታንጀንቱ 0.176፣ በሁለት ስናባዛው 0.35። ማለትም የምታዩት ክብ ስፋት የጥልቀቱ አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። ዘጠኝ ሜትር ውሃ ላይ ሦስት ሜትር ከምናምን። ከአንድ መኝታ ክፍል አይበልጥም! ሦስት ሜትር ውሃ ላይ ደግሞ አንድ ሜትር፤ የአንድ ትሪ ነገር። ስክሪኑ የክንዳችሁን ያህል ቢሆን ክቡ አይሰፋም። የስክሪኑ ስፋት የሐይቁን ስፋት አይጨምርም።

በዚያ ላይ ስክሪኑ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የተዘረጋው ሥዕል ቦታ አይደለም፤ ጊዜ ነው። በስተቀኝ ያለው አሁን ነው፣ በስተግራ ያለው ያለፈው ነው። ቆማችሁ ሳለ ስክሪኑ በዓሣ ከተሞላ አንድ ሰነፍ ዓሣ ከሥራችሁ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ይሄን ሳያውቅ ትልቁን የገዛ ሰው፣ አውቆ ትንሹን በገዛ ሰው ይበለጣል።

ስለዚህ ገንዘባችሁን ስክሪን ላይ ከምታፈሱ እነዚህን አራት ነገሮች አድርጉ፦

1. ከመለጠፋችሁ በፊት ፈትኑ። ካያኩ ሆድ ውስጥ ትንሽ ውሃ አፍስሱና ትራንስዱሰሩን እዚያ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት። ታች ያለውን መሬት ካነበበ ቦታው ጥሩ ነው። ካላነበበ ፈቀቅ አድርጉት። ለዚህ ሳንቲም አይወጣም።

2. በገመድ አመሳክሩ። ክር ላይ ድንጋይ እሰሩ፣ አውርዱ፣ ለኩ። ማሽኑ ካለው ቁጥር ጋር ካልተስማማ ድንጋዩን እመኑ።

3. ደረጃውን አስተካክሉ፤ እናንተ ተቀምጣችሁ። ባዶ ካያክና ሰው የተቀመጠበት ካያክ አንድ ዓይነት አይተኛም። ትራንስዱሰሩ ፊቱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ማየት ያለበት እናንተ ከነዕቃችሁ ስትቀመጡ ነው።

4. ባትሪው ላይ ፊውዝ አድርጉ፣ ከባትሪው አጠገብ፣ መጠኑም መመሪያው የሚለው። ስሌቱም ቀላል ነው፦ ማሽኑ ግማሽ አምፒር ቢስብ፣ 7 አምፒር ሰዓት የሚለው ባለ 12 ቮልት ባትሪ በወረቀት 14 ሰዓት ያቆያል። የሊድ አሲድ ባትሪ ግን ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ስለሚያጥር 7 ሰዓት በሉት።

አምስተኛ ካላችሁኝ የሕይወት ጃኬት ነው። ካያኩ ላይ የታሰረ ሳይሆን ደረታችሁ ላይ የታሰረ።

አሁን ወደ ከባዱ። ሦስተኛው ሰፈር፤ «ለጣና እንላክ» የምትሉት።

እናንተን መቃወም ይከብደኛል። አገሩን የማይረሳ ልጅ ማን ይጠላል? ግን የተዋጣ ገንዘብ የላብ ገንዘብ ነው፤ ከመውጣቱ በፊት እውነቱን መስማት አለባችሁ።

አንደኛ፣ ጀልባው። ከታንኳዎቹ ብዙዎቹ የደንገል ናቸው። ደንገል ለምን ይንሳፈፋል? ውስጡ እንደ ስፖንጅ በአየር የተሞላ ስለሆነ ነው። አየር ለድምፅ ምንድን ነው? ግድግዳ። የፕላስቲክ ካያክ ላይ የሠራው ከውስጥ የመለጠፍ ዘዴ ደንገል ላይ ፈጽሞ አይሠራም። መብሳትም ትርጉም የለውም። የሚቀረው በጎን የሚወርድ ክንድ ነው፤ ታንኳው ደግሞ ውሃ እየጠጣ የሚከብድ፣ በየጊዜው ዳር ወጥቶ ፀሐይ የሚሰጣ፣ ከወራት በኋላ የሚተካ ዕቃ ነው። ይሄን ጥበብ ለትውልድ ያቆዩልን የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላትና ሌሎች የሐይቁ ሰዎች ታንኳቸውን የሚያውቁት ከእኔም ከእናንተም በላይ ነው። አንድ ሰው «ዘመናዊ» ብሎ የሚልከው ዕቃ የት እንደሚታሰር ሳይጠይቅ ከላከ፣ የላከው ዕቃ አይደለም፤ ሸክም ነው።

ሁለተኛ፣ መረቡ። ጣና ላይ ለገበያ የሚያጠምድ ሰው በብዛት የሚጠቀመው ማታ ተዘርግቶ ጠዋት የሚነሳ መረብ ነው። መረቡ ቆሞ ይጠብቃል፣ ዓሣው ነው የሚመጣው። ፊሽ ፋይንደር ደግሞ የሚነግራችሁ አሁን፣ በዚች ደቂቃ፣ ከሥራችሁ ባለው ሦስት ሜትር ክብ ውስጥ ምን እንዳለ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ለሚቆም ረጅም መረብ የሦስት ሜትር የአንድ ደቂቃ ወሬ ምን ያደርግለታል? ጣና ስፋቱ ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ጥልቀቱ ግን ትልቁ 14 ሜትር ገደማ ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው። ጥልቀቱን ለማወቅ ማሽን አይፈልግም፤ ዘንግና ገመድ ያለው አጥማጅ ያውቀዋል።

ሦስተኛው ነው ዋናው። «የለም ቲቸር፣ ዓሣ የሚሰበሰብበት ቦታ ላይ ማሽኑ ይጠቅማል» ትሉኛላችሁ። አዎ! ትክክል ናችሁ። እዚያ ይጠቅማል። እሱ ነው የሚያስፈራኝ።

ነጭ ዓሣ የምንለው፣ ሳይንሱ ላቢዮባርበስ የሚለው ቤተሰብ፣ ጣና ውስጥ ወደ 15 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሉም። ከታች ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ስለዘጋባቸው ሐይቁ ውስጥ ለብቻቸው ቀርተው፣ በዚያው ተለያይተው የተፈጠሩ ናቸው። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናዎ በሚባል ሐይቅ እንዲህ ያለ የዓሣ ቤተሰብ ነበር፤ አሁን ተመናምኖ ጠፍቷል። የእኛው ቀርቷል። ከነዚህ ዓሦች ብዙዎቹ በክረምት፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ እንቁላል ለመጣል ወደ ወንዞቹ አፍ ይሰበሰባሉ፤ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ግልገል ዓባይ። እዚያ ቦታ፣ በዚያ ወቅት መረብ የዘረጋ ሰው የሚያነሳው የዘንድሮውን ዓሣ ብቻ አይደለም፤ የሚመጣውን ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ሐይቁ ላይ ከገባ ወዲህ የነጭ ዓሣ ቁጥር ክፉኛ እንዳሽቆለቆለ ሐይቁን ያጠኑ ሰዎች ጽፈዋል። ያኔም የመጣው «ምርት ይጨምራል» ተብሎ ነበር። መጀመሪያ ጨመረ። ከዚያ ወረደ።

ስለዚህ ሒሳቡን እዩት። ሰፊው ሐይቅ ላይ ማሽኑ ጉዳት የለውም፣ ጥቅምም የለውም። የወንዙ አፍ ላይ ጥቅም አለው፣ ጉዳቱ ግን ከጥቅሙ ይበልጣል። በሚጠቅምበት ቦታ ያጠፋል፣ በማያጠፋበት ቦታ አይጠቅምም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

«ታዲያ አጥማጁ በድህነት ይኑር ነው የምትለው?» የሚል ይመጣል፤ ሁልጊዜ ይመጣል። አይደለም። የአጥማጁ ችግር ዓሣውን ማየት አለመቻል ነው ያለው ማነው? ዓሣ እንደ ወጣ በረዶ ካላገኘ በሰዓታት ውስጥ ዋጋው ይወድቃል፤ ነጋዴው ያንን ያውቃል፣ አጥማጁም ያውቃል፣ ስለዚህ የተሰጠውን ይቀበላል። እምቦጭ ሐይቁን ከያዘበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ መረብ የሚጣልበት ዳርቻ ላይ አረሙ አብሮ ይጠመዳል፣ መረቡን ይጎትታል፣ ይቆርጣል። ማዕበል ሲነሳ ደግሞ የሕይወት ጃኬት የሌለው ሰው አለ። ከዚህ ውስጥ የትኛውን ነው ስክሪን የሚፈታው?

ሕግም አለን፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው ሀብቱ እንዳያልቅ ታስቦ ነው። ሐይቁንም ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዝግቦታል። ወረቀት ሞልቶናል። የጎደለው ወረቀቱ ዓሣው ጋ እስኪደርስ ያለው መንገድ ነው። እሱን ደግሞ ከአሜሪካ በፖስታ መላክ አይቻልም።

ገንዘቡ ከተዋጣ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ አንድ ሰው ሄዶ አጥማጆቹን ይጠይቅ። «ምን እንላክላችሁ?» ሳይሆን «ባለፈው ዓመት ምን አጣችሁ?» ብሎ። መልሱ በረዶ ማቆያ ሣጥን ሊሆን ይችላል። የሕይወት ጃኬት ሊሆን ይችላል። ትንሹን ዓሣ የሚያሳልፍ፣ ዓይኑ ሰፊ መረብ ሊሆን ይችላል። እኔ አልወስንላቸውም፣ እናንተም አትወስኑላቸውም። በክረምቱ ወራት ከወንዙ አፍ ለራቀ አጥማጅ ያንን ጊዜ የሚሻገርበት ነገር ማገዝ ደግሞ ከመቶ ፊሽ ፋይንደር ይበልጣል።

ሦስቱን ሰፈር አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ይታያችኋል? «ብሳው» የሚለው ሰው ካያኩን አልጠየቀም። «ትልቅ ስክሪን» የሚለው ፊዚክሱን አልጠየቀም። «እንላክላቸው» የሚለው አጥማጁን አልጠየቀም። ሦስቱም መልሱን ይዘው ነው የመጡት። ትራንስዱሰር ከእናንተ የሚሻለው በዚህ ነው፤ አንዴ ድምፅ ያሰማና ዝም ብሎ ያዳምጣል። በሥራው ጊዜ አብዛኛውን የሚያጠፋው በማዳመጥ ነው።

እኔ የዲፕሎማ መምህር ነኝ፤ «ማን ነህና ነው?» የምትሉኝ ካላችሁ ይኸው፣ ቁጥሮቹን አስቀምጬላችኋለሁ። ድምፅ 1480፣ ሾጣጣ 20፣ ታንጀንት 0.176። የተሳሳተ ካለ በቁጥር ይምጣ፣ ኮሜንት ክፍት ነው። በስድብ የመጣውን ግን እንደ ክፍል ውስጥ ነው የማስተናግደው፤ ከኋላ ወንበር ተነስቶ ፊት ይቀመጣል።

ሚኒሶታ ያለኸው፣ መሰርሰሪያ ተውሰህ ቅዳሜን የምትጠብቀው ልጅ፦ መሰርሰሪያውን ለባለቤቱ መልስ። በጎን የሚወርደውን ክንድ ግዛ፣ ክር ላይ ድንጋይ እሰር፣ ጃኬትህን ልበስ። ዓሣ ባትይዝም በሰላም ተመለስ፤ ዓሣው ለሌላ ቅዳሜ ይቆይሃል።

ካያክ ያለው ዘመድ ያላችሁ ሼር አድርጉለት።